እናቴ፣ ሎሚ እና የኮረብታው አፈር

ከሐኑካ በኋላ በማኅበራችን ቡና ላይ አንዲት እናት «ለመሆኑ በዚህ አገር ሸክላ የማይወጣልን ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ውሃው ነው አለ፤ ሌላው ማገዶው ነው አለ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «መሬቱ ገና አልለመደንም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እኔ መልሱን አውቀው ነበር። ይሁን እንጂ የማፍርበት ነገር ስላለበት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ከበደኝ። በጽሑፍ ይቀላል ብዬ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

ወደ እስራኤል የገባነው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ዓ.ም.፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰሎሞን ነው። እኔ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጥቂት ዓመት በካራቫን ቆይተን እዚህ አሽኬሎን፣ ሺምሾን ሰፈር ቤት አገኘን። እናቴ ገና ዕቃው ሳይፈታ ወደ ደጅ ወረደች። ከሕንጻው ጥግ አፈር ዘገነች፤ በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ከምላሷ ጫፍ አደረገችው፣ ከዚያም ተፋችው።

«ይህስ አፈር አይደለም» አለች። «እንደ ጤፍ ይፈስሳል እንጂ እርስ በርሱ አይተዋወቅም።»

እውነቷን ነበር። አሽኬሎን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና የምትባለው ከተማችን፣ የተቀመጠችው በአሸዋ ላይ ነው። የዚህ አሸዋ አብዛኛው ክፍል ኳርትዝ የሚባል ጠንካራ ማዕድን ነው። የኳርትዝ ቅንጣት ድቡልቡል ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ ጎረቤቱንም አይዝም። የሸክላ አፈር ግን በዓይን የማይታዩ ስስ ገበታዎች ክምር ነው። ውሃ በገበታዎቹ መካከል ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ሳይለያይም ይያያዛል። ለዚህ ነው ሸክላ እንደ ሊጥ የሚታዘዘው። እናቴ ገበታ የሚለውን ነገር አታውቅም፤ ጣቷ ግን ያውቀዋል።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የተወለደችው ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ በምትገኘው በወለቃ ነው። ወለቃን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ ቱሪስቶች መኪና አቁመው የሸክላ አንበሳና ትንንሽ የሰው ምስል የሚገዙባት የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። እናቴ ግን ለምስሉ ብዙም ግድ አልነበራትም። «አሻንጉሊት ነው» ትላለች። የእርሷ ሙያ ምጣድ፣ እንስራና ጀበና ነበር።

ይህ ሙያ ከየት እንደመጣ ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ጊዜ አባቶቻችን ርስት እንደተነፈጉ ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ ነው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ይኖራል፤ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ጎረቤት በገበያ ቀን ምጣዳችንን ይገዛል፤ ማታ እቤቱ ሲገባ ደግሞ ቡዳ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ሲወጣ አባቴ የሚያርሰው መሬት አገኘ፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልተሻረም።

እኔም ያንን ስድብ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። እዚህ ትምህርት ቤት «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ልብስ ትሰፋለች» እል ነበር። ከእኛው ልጆች አንዷ እውነቱን እንዳታወጣ እሰጋለሁ። አንድ ቀን እናቴ ስለ አፈር ስታወራ አቋረጥኋትና «እማዬ፣ እባክሽ ይህን ነገር እዚህ አገር አትጀምሪው» አልኋት። ዝም ብላ አየችኝ። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አሁን ወደ አፈሩ ልመለስ።

የጎንደር አገር ተራራ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ተደራርቦ ሲረጋ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው ራስ ደጀንም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በባዛልት ውስጥ ብረት ብዙ ነው። ዝናብ ለብዙ ሺህ ዘመን ሲያጥበው የሚሟሟው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ የማይሟሟው ብረትና አሉሚኒየም ይቀራል። ብረቱ ይዝጋል። ቀይ አፈር የምንለው ቅላቱ ከዚህ ዝገት የመጣ ነው። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ደግሞ ዋልካ ይፈጠራል። በዋልካ ውስጥ የሚበዛው የሸክላ ማዕድን ስሜክታይት ይባላል፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ የከብት እግር እስኪውጥ ድረስ ይሰነጠቃል። በቀይ አፈር የሚበዛው ካኦሊናይት ግን ረጋ ያለ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች፤ «ቀዩ ጨዋ ነው፣ ዋልካው ቁጡ ነው።» ቀዩ ብቻውን ሲሆን በደንብ አይሳብም፤ ዋልካው ብቻውን ሲሆን ሲደርቅ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለቱን ታዋህዳለች፤ የተሰበረ ሸክላ ወቅጣም ገሉን ትጨምርበታለች። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ አዲሱን ጭቃ ከውስጥ ሆኖ ይይዘዋል። ልኩን ማን አስተማራት? እናቷ። መስፈሪያዋስ? እጇ። ልብ በሉልኝ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ኖራ የሚባል ነገር የለም። በእናቴ ቀበሌ አፈር ውስጥ የኖራ ድንጋይ አልነበረም፤ ጣቷም ምላሷም ኖራን መፈለግ አልተማሩም።

በ1997 ሲግድን ልናከብር ወደ ኢየሩሳሌም ወጣን። ጸሎቱ አብቅቶ ሰዉ ሲበተን እናቴ ጠፋችብን። ስንፈልጋት ከመንገዱ ዳር በድንጋይ መካከል ተንበርክካ አገኘናት፤ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ቀይ አፈር ትዘግናለች። «የወለቃ አፈር! ቀለሙን እዩት!» ትላለች። አባቴ ሳቀ፤ እኔ ሰው አየን አላየን ብዬ ዙሪያዬን ተመለከትሁ።

ቀለሙስ እውነትም ያው ነው፤ ብረትም አለበት። ትውልዱ ግን ሌላ ነው። የይሁዳ ተራሮች ከእሳት የወጡ አይደሉም። ብዙ ሚሊዮን ዓመት ከባሕር በታች ሳሉ የዛጎልና የጥቃቅን ፍጥረት ቅሪት ተከምሮባቸው ነው የበረቱት፤ ድንጋያቸው የኖራ ድንጋይና ዶሎማይት ነው። ዝናቡ ድንጋዩን በዝግታ ሲያሟሟው የማይሟሟው ጥቂት ሸክላና ብረት ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል፤ ነፋስም ከሰሐራ ያመጣውን አቧራ ይጨምርበታል። የኢየሩሳሌም ቀይ አፈር እንዲህ የተጠራቀመ ነው፤ ምንጊዜም ከኖራ ድንጋይ ስባሪ ጋር ተደባልቆ ይኖራል። ከተራራው ወደ እኛ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ደግሞ ሽፌላ የሚባለው ዝቅተኛ የኮረብታ አገር ይመጣል፤ በላኪሽና በቂርያት ጋት በኩል ማለቴ ነው። እዚያ ድንጋዩ ለስላሳና ነጭ ነው፣ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። አፈሩም ዳለቻ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ኖራ ነው።

አባቴ በዚያ ኮረብታ አንድ ሞሻቭ ውስጥ በፍራፍሬ እርሻ ይሠራ ነበር። በዚያው ክረምት አዲስ መንገድ ሲቆረጥ ሸክላ የሚመስል አፈር ወጥቶ አየና በጆንያ አመጣላት። አሸችው፤ ተያያዘ። ቀመሰችው፤ ጥርሷ ሥር አልተንኮሻኮሸም። ጠጠሩን በእጇ ለቀመች። ነጫጭ ለስላሳ ፍርፋሪዎች ነበሩበት፤ በጣት ሲጫኗቸው ስለሚደቁ ተወቻቸው። ቀዩን የኢየሩሳሌም አፈር ጨመረች፤ ገል ስላልነበራት ከባሕሩ ዳር አሸዋ አመጣችና አዋሃደችው። መታጠቢያ ቤታችን ለአንድ ወር የጭቃ ቤት ሆነ። አንድ ምጣድ፣ ሁለት ጀበና፣ አንድ ድስትና ትንንሽ ስኒዎች ሠራች፤ በመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር በጥላ አደረቀቻቸው። ጓደኞቼን ቤት መጥራት አቆምሁ።

የቀረው መተኮስ ነው። አፓርታማ ውስጥ ማን እሳት ያነዳል? መፍትሔውን ያገኘው ታናሽ ወንድሜ ነው። በ1998 ላግ ባኦሜር ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ከየግንባታው ሥፍራ ጣውላ ሰብስበው ባዶው ሜዳ ላይ ከመሩ። እናቴ ሸክላዎቿን በጋሪ ይዛ ወረደች። ልጆቹ ድንች ሊጠብሱ እርሷ ጀበና ልትተኩስ! መጀመሪያ በዳር አሞቀቻቸው፤ እሳቱ ሲበርድ ፍሙን አስጠግታ ሸፈነቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ሲነጋ አንዷ ጀበና ብቻ ተሰብራ ሌሎቹ ደህና ወጡ፣ ሲያንኳኳቸው እንደ ደወል ጮኹ። የሰፈሩ እናቶች እልል አሉ። አንዲት ሞሮኳዊት ጎረቤታችን ሳትቀር ድስቱን ልግዛ አለች። እናቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብላ ስትሄድ እዚህ አገር አይቻት አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ከወጥ ቤት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከምጣዱ ገጽ ላይ ሽራፊ ፈናጥሮ ወደቀ። የተፈነቀለበት ጉድጓድ መሐል አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ማታ ሌላ፤ በማግሥቱ ሦስት። በሳምንቱ ድስቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ስኒዎቹ ሲነኳቸው እየተፈረፈሩ ወደቁ። ማንም አልነካቸውም፣ እሳትም አላዩም፤ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጡ ነው የሞቱት።

እናቴ አላለቀሰችም። ስብርባሪውን በፌስታል ጠቅልላ ጣለችና «ዓይን ነው» አለች። አየሁት፤ ስንት ዘመን በዓይነ ጥላ ስንከሰስ ኖረን እኛው ደግሞ ዓይን ስንፈራ! ሁለተኛ እጄን ጭቃ አላስነካም ብላ ማለች። እኔ ምን ተሰማኝ? ያፈርሁበት ነገር ይህ ነው፤ ደስ አለኝ። ከእንግዲህ ማንም የሸክላ ሠሪ ልጅ አይለኝም ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ በማግሥቱ ቢሮ ለማጽዳት ሄደች።

ሰባት ዓመት አለፈ። በ2005 የላቦራቶሪ ሙያ ስማር አስተማሪያችን አንድ ነጭ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ከአሲድ ጠብታ አንዲት ጣል አደረገበት። ድንጋዩ ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ። «የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሚወጣው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» አለና ቀጠለ። በእሳት ብታቃጥሉት ይኸው አየር ይወጣና ያልበረደ ኖራ ይቀራል፤ ያ ኖራ ደግሞ ከአየር እርጥበት ውሃ እየሳበ ያብጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በዓይኔ የመጣው የምጣዱ ነጭ ነጥብ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እናቴ በጣት ደቁሳ የተወችው ለስላሳ ፍርፋሪ የኮረብታው ጠመኔ ነበር፤ የባሕር ዳሩ አሸዋም የዛጎል ስባሪ ነበረበት። በፍም ሲተኮስ ከ700 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ ሁሉም ወደ ኖራ ተለወጠ። ሸክላው ደህና ሆኖ ወጣ። ከዚያ እያንዳንዷ የኖራ ቅንጣት እዚያው ግድግዳው ውስጥ ተቀምጣ ከባሕር የሚመጣውን እርጥብ አየር እየጠጣች አበጠች፤ መውጫ ስታጣ ገፍታ ፈነቀለች። አሽኬሎን ደግሞ እርጥበቷን ታውቁታላችሁ፤ ጨው እንኳ በጨው ዕቃው ውስጥ ይረጥባል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ አባቴ ከሥራ ቦታው ያመጣውን የኮረብታ አፈር በሳህን ላይ አድርጌ ሎሚ ጨመቅሁበት። እንደ ሳሙና ሽሽ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ኖራ ነው፣ እማዬ። አፈሩ ውስጥ ኖራ አለ። ሲተኮስ…»

አላስጨረሰችኝም። «ኖራማ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ያብጣል! የጎንደር ግንብ በምን ተያያዘና! አባቴም አያቴም ግንበኞች ነበሩ።» ጥቂት ዝም ብላ ሳህኑን አየችው። «ታዲያ ዓይን አልነበረማ» አለች። ቀጥላም «ሰባት ዓመት!» አለች፤ ለራሷ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። ያኔ ደስ ብሎኝ እንደነበር ነገርኋት። «አውቃለሁ» ብላ ሎሚውን ከእጄ ወሰደችና እንደገና ጨመቀችበት።

መድኃኒቱን ፍለጋ ጀመርን። አንደኛው ግልጽ ነው፤ አፈሩን በውሃ በጥብጦ በዱቄት ወንፊት ማጥለልና ፍርፋሪውን ማስቀረት። እንደ ዱቄት የላመ ኖራ ብዙ አይጎዳም፤ የሚፈነቅለው ፍሬው ነው። ሁለተኛው ሸክላው ከእሳት እንደወጣ ገና ትኩስ ሳለ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ሦስተኛውን መጽሐፍ ውስጥ ሳገኘው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ኦወን ራይ የተባለ ተመራማሪ በ1976 እንደጻፈው፣ በሩቅ በፓፑዋ ባሕር ዳር ያሉ ሸክላ ሠሪዎች የዛጎል ኖራ ያለበትን ጭቃ የሚያቦኩት በባሕር ውሃ ነው። ጨዉ በእሳት ውስጥ ኖራውን ይገራዋል። ባሕሩ ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ እኛ ደግሞ የቧንቧ ውሃ እየከፈልን ነበር የምናቦካው!

ስለ አሸዋውም አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቻችሁን ወደ ባሕር ስትወስዱ ታሳዩአቸዋላችሁና። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ በደረቁ አሸዋ ውስጥ ብታስኬዱት ጥቁር ደቃቅ ቅንጣት ይለጠፍበታል። የዚህ ባሕር ዳር አሸዋ የመጣው ከዓባይ ነው። ወንዙ ወደ ግብፅ ባሕር ያወረደውን አሸዋ የባሕሩ ጅረት በሲናይና በጋዛ ዳርቻ እየገፋ እስከ ሃይፋ ያደርሰዋል። ከጥቁሮቹ ከባድ ቅንጣቶች መካከል ከኢትዮጵያ ተራሮች እሳተ ገሞራ ዐለት በዓባይና በተከዜ ጎርፍ የወረዱ አሉ። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ የሚወርደው ደለል ግድቡ ላይ ይቀራል፤ እኛ የምንረግጠው ከዚያ በፊት የመጣው ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልተደነቀችም። «ጎርፉ መሬታችንን ሲወስደው አይቻለሁ፤ የሆነ ቦታ መድረሱ መቼም አይቀርም ነበር» አለች።

በ2006 ላግ ባኦሜር እንደገና ወረድን። አሸዋውን ከውሃው ጠርዝ ራቅ ካለ ቦታ ወስደን ዛጎሉን በወንፊት ለየን፤ አፈሩን አጠለልን፤ ጭቃውን በባሕር ውሃ አቦካን። ጋሪውን የገፋሁት እኔ ነኝ። ከስድስቱ ሸክላዎች ሁለቱ እሳቱ ላይ ተሰነጠቁ፤ እናቴ ጥፋቱን በንፋሱ አሳበበች፣ እኔ በልጆቹ ፕላስቲክ አሳበብሁ። አራቱ ወጡ። አራት ቀን ጠበቅን፤ ሳምንት ጠበቅን፤ ማታ ማታ ጆሯችንን አቁመን «ጠቅ» የሚል ነገር እናዳምጣለን። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ። ምንም የለም። ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሸችው፤ የመጀመሪያውን እንጀራ በልታ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከምስጋና የሚቆጠር ነው።

ጀበናው ግን አልወደደችውም። የባሕር ውሃው ጨው ሲደርቅ ወደ ውጭ ወጥቶ ገጹን አመድማ ነጭ አድርጎታል፤ ወለቃ ደግሞ ጀበና ጥቁር ነው። «ፀጉሩ የሸበተ ጀበና» አለችው፣ ለእንግዳም አላቀረበችበትም። ቡናው መጀመሪያ መጀመሪያ ጨው ጨው ይል ነበር።

ስለዚህ ሌላ አፈር መፈለግ አለበት አለች። በእኛ ሜዳ፣ ከአሸዋው ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ፣ ብርቱካን የሚተከልበት ሐምራ የሚባል ቀይ አፈር አለ። አሸዋ ቢሆንም ዝናብ ኖራውን አጥቦ ወስዶለታል፤ ብረት የለበሰ ነው፤ ጠለቅ ሲሉም ሸክላው ይበዛል። ችግሩ ጥልቁን ማግኘት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሕንጻ መሠረት የሚቆፈርበትን ቦታ የመሰለ የለም። ያን በጋ መኪና ስነዳ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ፣ አዲስ ጉድጓድ ባየች ቁጥር «አቁሚ!» ትለኝ ነበር። ወርዳ ለዘበኛው «ሻሎም» ትላለች፤ ቁልቁል ወርዳ ከታችኛው ሽፋን ትዘግናለች፣ ታሻለች፣ ትቀምሳለች፤ በመጨረሻም ከቦርሳዋ ግማሽ ሎሚ ታወጣለች።